አንገትሽ ሥር ያለው ብረት

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሃን፣ ጀርመን አገር

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ማሽላው ገብቷል። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን ልጅ ወይንሸት ናት፤ የማጽፋት ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ቃሌን እንዳታሳምር ነግሬያታለሁ።

ለወገቤ ሕመም አዲስ አበባ ወስደውኝ፣ ኤምአርአይ የሚሉት ጉድጓድ ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ ነርሷ ቀበቶዬን አስፈታችኝ። «አባባ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ጥይት ወይ ፍንጣሪ አለ?» አለች። «ጥይት እኔን ፈርቶ ያልፋል» አልኳት። አልሳቀችም። ማግኔቱ ሥጋ ውስጥ ያለ ብረት ሊያንቀሳቅስ ይችላል፣ ደም ሥር አጠገብ ከሆነ ይገድላል አለችኝ። አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ስለ ሥራሽ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ዚዮላይት የምትይው ድንጋይ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ግን በዓይን አይታይም። ጋዝ በዚያ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሽሎከሎክ በማግኔት ትለኪያለሽ። ገበያ ለገበያ ያወራሁት እኔ አይደለሁ? ሐኪሙን ብጠይቀው፣ «የልጅዎ ማግኔትም ያው ነው፤ እንዲያውም ይበረታል» አለኝ።

ወዲያው ደወልኩልሽ። «አንገትሽ ሥር የቀረውን ፍንጣሪ ለአለቆችሽ ነግረሻል?» ብልሽ፣ «ኧረ አባዬ! ለማንም አትናገሪ ብለውኝ የለ? ቃሌን አላፈርስም። በሉ አሁን ማግኔቱ ክፍል ልገባ ነው፤ ስልክ እዚያ አይገባም» ብለሽ ዘጋሽው። ስልኩን ውጭ ትተሽ አንገትሽን ይዘሽ ገባሽ! ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሺም።

አጣዬ የተቃጠለ ጊዜ በፍንጣሪ ስትመቺ፣ «የቆሰለች ናት» ብለው ለትዳር እንዳይንቁሽ ነበር አትናገሪ ያልኩሽ። ትናንት ሰፈርተኛው ለዱአ በሚሰበሰብበት ወዳጃ ተቀምጠን፣ ዱአው ሳይዘጋ፣ ተነሣሁና «ልጄ አንገቷ ሥር ብረት አለባት፤ ዱአ አድርጉላት» አልኩ። የእጮኛሽ የየሱፍ አባት ሳሊም፣ «ኢብሮ፣ ይህን ደብቀህ ነው ለልጄ እሺ ያልከው?» አለ። «አዎ። ብረቱ ያለው የኔ ልጅ አንገት ላይ ነው፤ አንተን ምን ወጋህ?» አልኩት። ጫቱን ጥሎ ወጣ። ይውጣ።

እንግዲህ አገር ሁሉ ሰምቷል፤ የሚደበቅ ነገር የለም። ቃልሽን መልሼልሻለሁ። ይህን እንዳነበብሽ ከዚያ ክፍል ውጪ፤ ለአለቆችሽ ንገሪ፤ በራጅ ይዩሽ። ሥራው ቢቀር ይቅር። አትናገሪ ስልሽ እንደታዘዝሽኝ፣ ተናገሪ ስልሽም ታዘዢኝ።

እናትሽ ስልክሽ እንደማይነሣ አታውቅም። ደውላ አወራችኝ ብያታለሁ።

አላህ ብረቱን ባለበት ያርጋው፤ አንቺን ከነነፍስሽ ያቆይልኝ። ከታች ያለው አሻራዬ የተዘባረቀው ከብርዱ ነው። ወይንሸት «ሮቢት ላይ ምን ብርድ አለ?» ትለኛለች፤ ዝም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ። ከፈለግሽ አንቺም ሳቂብኝ። ብቻ ደውይና ሳቂ።

አባትሽ ኢብሮ ሰዲቅ