የዶን ኢንዳሌሲዮ የጎማ ሽጉጥ

ውድ ፊሎ፣

ድሮ የካውቦይ ፊልም ይሠራበት የነበረው በረሃ፣ ታበርናስ ነኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው! የከተማችን የሳራጎሳ ቀዝቃዛ ነፋስ እዚህ ቢመጣ በእልልታ ይቀበሉት ነበር።

ትናንት ቡና ቤት ውስጥ ዶን ኢንዳሌሲዮ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅኩ። በወጣትነታቸው ፊልም ላይ ከጣሪያ እየወደቁ የሚሞቱት እሳቸው ነበሩ። ከአንዱ ፊልም ያስቀሩትን ሽጉጥ ከጨርቅ ፈትተው አሳዩኝ። ጎማ ነው! ጎረቤታቸው ኤሎይ የሚያብለጨልጭ የብረት ሽጉጡን አምጥቶ፣ "ዋናው ይኸውልሽ! የሳቸው የልጅ መጫወቻ ነው ብዬ ሠላሳ ዓመት ለፈለፍኩ" እያለ ሳቀ።

አገላብጬ አየኋቸው። የድሮ ዕቃ ስገዛና ስሸጥ ብዙ አይቻለሁና፣ የኤሎይ ለቱሪስት የሚሸጥ ቅጂ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከጣሪያ ለሚወድቅ ሰው ደግሞ ብረት አይሰጡትም፤ ጎድኑን ይሰብረዋል። ፊልሙን በስልኬ ከፍቼ ሲወድቁ አቆምኩት። በእጃቸው ያለው ሽጉጥ እጀታ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ካሳዩኝ ሽጉጥ ስንጥቅ ጋር ፍጹም አንድ ነው።

"ኤሎይ፣ ዋናው የሳቸው ነው" አልኩት።

ሽማግሌው ስልኩን አስጠግተው አዩ። "ፊቴ እንኳ አይታይም። ግን እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

እንዲህ ያለ የድሮ ፊልም ዕቃ ልገዛ ነበር የመጣሁት፤ ሽጉጡን ሽጡልኝ ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ። ኤሎይ ራሱ አፍሮ፣ "በሉ ተነሱ አባቴ፣ እዚህ ያለው የፊልም ሙዚየም እንውሰደው" ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። ዛሬ ጠዋት በመስታወት ሣጥን ተቀመጠ። ፊልሙ ላይ ስማቸው የትም የለም፤ ሣጥኑ ላይ ግን እኔው በእጄ ሙሉ ስማቸውን ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ዶን ኢንዳሌሲዮም፣ "ከጣሪያ የወደቀው ሰውዬ ሰላም ብሎሻል በያት" ብለውኛል።

ያንቺዋ ሬሜዲዮስ