አንድ መነጽር ለሁለት ጠላት

ጥር 6

ዛሬም ማማው ላይ ስደርስ የሩቅ ማያ መነጽሩ ተነካክቶ ጠበቀኝ። ሰባ ሁለት ደረጃ ወጥቼ ዓይኔ ላይ ሳደርገው... ደኑ ሁሉ ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። የቀኝ ዓይን ማስተካከያዋን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሯታል። ለእኔ ዓይን የሚሆነው ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌ ነበር። ፍቆታል! በምን ፋቀው? በጥርሱ?

ሻምበል ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል። ጦር ሰፈር ረግጦ አያውቅም፤ ትእዛዝ ስለሚያበዛ ነው ሻምበል የምንለው። እሱ ከንጋት እስከ ቀትር፣ እኔ ከቀትር እስከ ምሽት የደን እሳት እንጠብቃለን። አንድ ማማ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መነጽር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ደብተሬ ላይ ግን ማን አለብኝ?

"ምልክቴን ምን አደረጉት?"

"የመንግሥት ዕቃ ጥፍርሽ መሰለሽ?" ብሎኝ ወረደ።

ጥር 9

መነጽር ሊገዛልን ነው! የንብረት ክፍሏ ሴትዮ አራት ዓይነት ናሙና በካርቶን ይዛ መጣች። አንዱ ለእኛ ለማማው፣ ሌላው በእግር ለሚዞሩት ጠባቂዎች፣ ሌላው ሐይቁ ላይ በጀልባ ለሚቃኙት። "ቀኑን ሙሉ ስታዩ የምትውሉት እናንተ ናችሁ፣ እናንተው ምረጡ" አለች። ቀጥላ ደግሞ... "ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ ግን አልገዛም።"

ከእሱ ጋር ልፈራረም? የጋብቻ ውል ይመስል!

ጥር 12

በርክክብ ሰዓት ተጨቃጨቅን። አሥራ አምስት ጊዜ የሚያቀርበውን፣ ያንን ግዙፉን ታቅፎ አልለቅም አለ።

"ይሄ ለሁሉም ይገዛ።"

"በእግር የሚዞሩት አንገታቸው ላይ ጡብ አንጠልጥለው ሊውሉ ነው? ለእነሱ ስምንት ጊዜ የሚያቀርበው ቀላሉ ይበቃል።"

"አንቺ ሁሉ ነገር ይከብድሻል።"

"ጀልባው ላይስ? አሥራ አምስት ጊዜ ሲያቀርብ እኮ መወዛወዙንም አሥራ አምስት ጊዜ ነው የሚያበዛው። ሰባት ጊዜ ብቻ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ ሰፊ፣ ውሃ የማያስገባ ነው የሚሻላቸው።"

"ጀልባ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"እርስዎስ ጦር ሜዳ ሄደው ያውቃሉ?"

እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ግን ለምን ትልቁን ብቻ? ምን ሊያይበት ነው?

ጥር 15

አልፈረመም። እኔም አልፈረምኩም።

ጥር 19

ጉድ ሆንኩ።

ማማው ላይ ስደርስ እንደገና ተሰዳደብን። እሱ ሲወርድ ደሜ እየፈላ መነጽሩን አነሳሁ። ከምሥራቁ ሸንተረር በላይ ግራጫ ነገር... ጭስ! በሬዲዮ ጠራሁ። ሁለት የእሳት አደጋ መኪና ወጣ። ጭስ የለም። ከብት የቀሰቀሰው አቧራ ነው።

ቀለበቷን አላስተካከልኳትም ነበር። በየቀኑ የማደርገውን፣ ዛሬ ከንዴቴ የተነሳ ረሳሁት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለራሴ አልዋሽም።

አለቃችን ሁለታችንንም አስጠራን። ሻምበል ዓይኑን በጨው አጥቦ "አስተካክዬ ነው ያስረከብኳት" አለ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከተፈጠረ ከማማው ትወርጃለሽ። ሌላ ክፍት መደብ ደግሞ የለንም።" ከሥራ ትወጫለሽ ነው እኮ በጨዋ ቋንቋ!

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታው ቀረ።

ጥር 23

ቀድሜ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ እንደ ድመት ደረጃውን ወጣሁ። ምን ሲያደርግ ልይዘው እንደሆነ እኔም አላውቅም።

መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጓል። ከጎኑ ሆኜ ሳይ ቀኝ ዓይኑ ጭፍን ብሏል። ሲያወርደው በቀኙ በኩል እጄን አወዛወዝኩ። ምንም። ጆሮው አጠገብ አወዛወዝኩ። ምንም!

"ቀኝ ዓይንህ አያይም።"

ክው ብሎ ዞረ። "ማንን ነው አንተ የምትይው?"

"ዋሾን። ለዚህ ነው ይጠራልኛል ብለህ ቀለበቷን እስከ መጨረሻ የምታዞራት? ለዚህ ነው ትልቁ ካልተገዛ የምትለው?"

"የዓይን ሞራ ነው... ትንሽ ናት።"

"በትንሿ ሞራህ እኔ ልባረር?"

"ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው።"

"ደኑስ ቢቃጠል? እስከ ዓርብ ራስህ ንገራቸው። አለዚያ እኔ እናገራለሁ።"

"እባብ!"

"እባብም ያያል።"

ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ ወረደ። ማዘን ነበረብኝ? አላዘንኩም። ትንሽ... አይ፣ አላዘንኩም።

ጥር 27

ተናገረ። አለቃችን ፊት፣ እኔ እየሰማሁ። የዋሸውንም ጭምር። ማስጠንቀቂያዬ ተነሳ። እሱ ወደ ዋናው በር ዘበኛነት ተዛወረ። ለእህቴ ስነግራት "ጨካኝ ነሽ" አለችኝ። እሷ መቼ ከእሱ ጋር አንድ ወንበር ተጋራች?

የመነጽሩን የግዢ ወረቀት ለሻምበል ሳቀርብለት ሦስት ጊዜ አነበበው። ለእግረኞቹ ስምንት፣ ለጀልባው ሰባት፣ ለማማው አሥር ጊዜ የሚያቀርብ ከነማቆሚያው።

"የማማው ይቀየር" አለ።

"ደግሞ ምን ሆነ?"

"በእኔ ቦታ የሚመጣው ልጅ የዓይን መነጽር አድራጊ ነው። በላይ በላዩ ሲደርበው፣ ዓይን የሚያርፍበት ጎማ የማይታጠፍ ከሆነ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ነው። እሱንም አላሰብሽው።"

አላሰብኩትም። እንዴት እንዳናደደኝ! ልክ ባይሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ጎማው የሚታጠፈውን ጻፍኩ። ፈረመ። እስክሪብቶዬን ግን ወለሉ ላይ ወርውሮልኝ ወጣ።

የካቲት 14

በጠዋት ስብሰባ ስለነበረ በዋናው በር ገባሁ። ሻምበል ፊቱን አዞረብኝ። እኔም አዞርኩበት። ሰላምታ እንኳ የለንም።

ከቀትር በኋላ አዲሱን መነጽር ማቆሚያው ላይ አድርጌ ስቃኝ፣ ከጥዱ ደን በስተደቡብ ቀጭን ሰማያዊ ክር ወደ ላይ... አቧራ ቢሆንስ? ቢሆንስ? ቀለበቷን አየሁ። ልክ ናት። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ጠራሁ።

ጭስ ነው። እውነተኛ። እሳቱ ጥዱ ውስጥ ሳይገባ ደርሰውበት አጠፉት። አምስት ደቂቃ ቢዘገዩ ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር አሉ።

ማምሻውን የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር ፊቱ ጥላሸት ለብሶ መጣ።

"ትእዛዝ እኮ ገና አልደረሰኝም ነበር" አለኝ። "ሞተር አስነስቼ አለቃን ስጠብቅ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ እየጮኸብኝ ነው።"

"ማን?"

"ሻምበል ነዋ። በበሩ ሬዲዮ ድምፅሽን ሰምቶ። 'ትእዛዝ የታለ?' ብዬ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ያቺ ክፉ አየሁ ካለች አይታለች፤ ንዳ!'"