ሳይታመሙ መመርመር ክልክል ስለሆነበት ጤና ጣቢያችን

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ ይሁን፣ ጉበትዎም እንደ ልብዎ አይደንድን እያልኩ፣ ለታላቅ ወንድሜ ስላደረጋችሁለት ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ወንድሜ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ አንድ ምላጭ ለአሥር ሰው በሚበቃበት ዘመን ሥራ የጀመረ፣ የራሱንም ጣት ስንቴ የቆረጠ። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በደም እንደሚተላለፍ፣ ዓመታት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ጉበት እንደሚበላ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በጥቂት ወራት ክኒን እንደሚድን ቢሰማ፣ እንደ ሞኝ ሳያመው ወደ እናንተ መጣ።

አንደኛ፦ በምርመራ መጠየቂያው ላይ «ምልክት» የምትለዋ ሣጥን ባዶ መቅረት ስለማትችል፣ የካርድ ክፍሏ እመቤት «ወንድሜ፣ ደህና ሰው ምን ልሁን ብሎ ይመረመራል? ሲያምህ ና!» ብለው ስለሸኙት እናመሰግናለን። ምልክት አለማሳየት የበሽታው ስንፍና እንጂ የፎርሙ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ትንሽ ሳልባቸው!» ብላ ብትልከው፣ ራጅ ተነሥቶ ሳንባው እንደ በሬ ጤነኛ መሆኑ ተረጋገጠለት። ራጁን ሳሎን ሰቅለነዋል፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።

ሦስተኛ፦ ዓይኑ እንደ ጉበት ሕመምተኛ ቢጫ ይምሰል ብሎ እርድ ነካ ቢያደርግበት፣ ቀልቶ ቲማቲም መሰለና ወንድሜ ዓይን ክፍል ገባ፤ ጠብታም ታዘዘለት። ይኸው የሩቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀምሯል፤ ጉበቱን የሚያነብለት ግን ጠፋ።

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ያለውን ለገመናችሁ ስል እዘለዋለሁ።

በስምንተኛው ምልልስ የላቦራቶሪው ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አልቆ ብዕሩን ነጠቁትና ሣጥኗ ውስጥ «መመላለስ» ብለው ጻፉ። ሣጥኗ ሞላች፣ እመቤቲቱ ማኅተም መቱ፣ ደሙ ተቀዳ።

ቫይረሱም ተገኘ።

ጉበቱ ገና ስላልተጎዳ ክኒኑን ጀምሯል፣ ይድናልም ተብሏል። በእናንተ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ግን ዓይኑ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ፣ ሣጥኗን እንደ ደንቡ ይሞላላችሁ ነበር።

ሳልታመም ስለጻፍኩ ይቅርታ የምለምን፣ ለፎርምዎ ዕድሜ የምመኝ፣ ትሑት አክባሪዎ፣
የጸጉር አስተካካዩ እህት

ማስታወሻ፦ ወንድሜ የድሮ ደንበኞቹን ቤት ለቤት እየዞረ «ተመርመሩ» እያለ ነው። እርስዎም ጎረምሳ ሳሉ ጺምዎን ይላጩ የነበሩት እሱ ዘንድ እንደነበር ነግሮኛል። «እኔ ምንም አይሰማኝም» እንደሚሉ አውቃለሁ። እሱም ምንም አይሰማውም ነበር።