የስፌት መኪናችን ጩኸት

ውድ ባለቤቴ ደስታ ሆይ፣

ከተለየኸን ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ካሳረፍንህ ወዲህ ቤቱ እንደ ተውኸው አይደለም። ልጃችን ከበደ ከአርበኞቹ ጋር ከገባበት ጫካ ታሞ መጥቶ ቆጡ ላይ ተደብቋል፤ ክፉ ሳል ይዞታል። አጥር የምንጋራት የባንዳው ሚስት ደግሞ የአይጥ ኮቴ አያመልጣትም።

እስካሁን ያዳነችን የገዛህልኝ የስፌት መኪና ናት። እንደ ወፍጮ ስለምትጮህ ስንት ጊዜ ተነጫነጭሁብህ! አንተም የመዘውሯን ጥርስ እያጠበቅህ፣ በዘይት እያራስህ ደከምህ። አሁን ልጅህ ሳሉ ሲነሣበት ሮጬ እረግጣታለሁ፤ ጩኸቷ ሳሉን ይውጠዋል።

ትናንት መዘውሯን የሚያዞረው ጠፍር ተበጥሶ ቆመች። ልጅህ ነጠላዬን ነክሶ ዋለ። ጎረቤቴ የባንዳው ሚስት ዝምታውን ሰምታ መጣች። «እማማ፣ ይችን ጩኸታም ጥለው ለምን ከጣልያን ሱቅ አዲስ አይገዙም? የኔዋ ስትሰፋ ድመት የምትራመድ ነው የምትመስለው» ብላ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗ ወደ ቆጡ ወጣ።

ድመት የምትመስል መኪና ምን ታደርግልኛለች? ዛሬ ከኮልፌ ገበያ የስፌት መኪና አዳሽ አስጠራሁ። ጠፍሩን ለወጠ። የሚንኳኳውን ጥርስ ሊያጠብቅ ሲል ግን እጁን ያዝሁት። ታውቀኛለህ፤ አንድ ስፌት ቢዛነፍ ልብሱን ሙሉ የምፈታ ሴት ነኝ። ዛሬ ግን ሥራው በጎዶሎ ይቅር አልሁ። «የባለቤቴ መታሰቢያ ናት፤ ድምፅዋን አትንካብኝ» አልሁት። ይኸን ጊዜ ልጅህ ሳለ።

ሰውየው ቀና ብሎ ቆጡን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «እንግዲህ እማማ፣ ሥራ አይፍቱ» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። በመስኮት ተከተልሁት። ጎረቤቴ ከደጇ ላይ ጠራችው፤ ገባ። እስካሁን አልወጣም። ምክሩ የወዳጅ ይሁን የጠላት አላወቅሁም።

ፊደሌ ስለ ተንቀጠቀጠ ይቅር በለኝ። ወረቀቱን መኪናዋ ላይ ዘርግቼ እጄ ይጽፋል፣ እግሬ ይረግጣል። ክርም ጨርቅም የላትም። ይህን እንደ ጨረስሁ እሳት ይበላዋል፤ አንተ ግን ሰምተኸኛል።

ቃሌ ይህ ነው፦ እግሬ እስኪዝል እረግጣለሁ፤ በረገጥሁ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። ጩኸቷ ከደረሰህ ልጅህ በሕይወት አለ። ዝም ካለች፣ አጠገብህ ቦታ አዘጋጅልን።

ባለቤትህ