በጎመኔ ሥር ቧንቧ ለሚፈልገው ኮሚቴ

ለተከበሩ ኦቦ ተረፋ
የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነቀምቴ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳዬ ድረስ አጥርቶ ለሚያየው ዓይንዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ድርቤ ጂሩ፣ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህርት፣ ስድስቱን የጎመንና የቃሪያ ጄሪካኖቼን እስከ ቅዳሜ እንዳነሣ በቤቴ በር ላይ የለጠፉልኝን ማስታወቂያ በአክብሮት አንብቤአለሁ። ውኃው እንኳ በረሳን በዚህ ሰሞን የሚያስታውሰን ሰው በመኖሩ አመሰግናለሁ።

፩. ውኃ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ሳለ ጎመኔ አለመጠውለጉ፣ ከጋራው ቧንቧ ለመስረቄ በቂ ማስረጃ ሆኖ መገኘቱን ተረድቻለሁ። ጄሪካኑ ለሁለት ተቆርጦ ከታች ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውኃ፣ ከላይ አፈር እንደሚይዝ፣ በመካከል ያለው ጨርቅም የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ውኃውን ቀስ እያለ ወደ ሥሩ እንደሚስብ ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ። ኮሚቴው ግን ባለፈው ሐሙስ አንዱን ገልብጦ የተደበቀ ቧንቧ ፈለገ፤ ያገኘውም የአሮጌ ነጠላዬን ቁራጭ ነው። ስለ ጥንቃቄው አመሰግናለሁ፤ ከአራቱ የቃሪያ ችግኞች አንዱ ተርፏል።

፪. ማዳበሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት ነክቶት የማያውቀው ጎመኔ፣ ያለ መድኃኒት እንዲህ አይለመልምም ተብሎ ለምርመራ ናሙና ተወስዶበታል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል፣ ቀጥሎ አንድ እስር፣ ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሦስት እስር ከቃሪያ ጋር። ውጤቱ እስካሁን አልደረሰኝም፤ መርማሪዎቹ ግን እንደጣፈጣቸው ሰምቻለሁ።

፫. ዘበኛችን ባይሳ ወደ ላይ የማወጣውን የዝናብ ውኃ ባልዲ ሁሉ እንዲመዘግብ ታዟል። ምስኪኑ፣ “አዴ፣ ይቅርታ፣ ታዝዤ ነው” እያለ፣ መዝግቦ ሲያበቃ ባልዲውን ራሱ ተሸክሞ ያወጣልኛል።

፬. ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ በእርስዎ ላይ አላልኩም። ብቻ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጄሪካኑ የተቆረጠበትን ቁመትና የጨርቁን ርዝመት በሜትር ለክተው በማስታወሻዎ ጽፈዋል። ይነሣ ለተባለ ዕቃ ልኬቱ ምን ያደርጋል?

ቀልዱን ትቼ ልናገር፤ ተናድጃለሁ። ባለቤቴን ፉፋን ለሕክምና ወደ ነቀምቴ ያመጣነው አኖ ከተማ ያለውን ቤታችንን ከነጓሮው ሸጠን ነው። በጄሪካኖቹ ውስጥ ያለው አፈር ከዚያ ጓሮ የመጣ ነው። ፉፋ በየጠዋቱ ግድግዳ ተደግፎ በረንዳው ድረስ የሚራመደው ጎመኑን ለማየት ነው፤ ሐኪሙ የለመነውን እርምጃ ያስጀመረው ጎመን ነው። ጄሪካኖቹ ቅዳሜ ከሄዱ፣ እሑድ ጠዋት ከአልጋው የሚያወርደው ምን እንደሆነ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ያሳውቀኝ።

ለሚቀጥለው ናሙና የቤቴ በር ክፍት መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከተመናመነ ጎመን ጋር፣

ድርቤ ጂሩ
የኮሚቴው ቋሚ ተጠርጣሪ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በእርስዎ የጓሮ በረንዳ፣ ከተሰጣው ብርድ ልብስ ጀርባ፣ ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ ጄሪካን አየሁ። ቁመቱ ልክ እንደ እኔው ጄሪካን ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ሆኖም በጎኑ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ስላላበጁለት ጎመኑ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ቀዳዳው የት ላይ እንደሚሆን ከእኔ ጄሪካን መጥተው ይዩ፤ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።