ተራራው ከየት ይለካ

ሰኞ

ስለ በረዶ እሳተ ገሞራ የጻፍኩት ለቅዳሜ እትም ተይዟል።

ሳምሶን ደውሎ ነገረኝ። ጀማሪ ሳለ ዜናውን የማርምለት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ነው። የሳይንስ ዓምዴን ቦታ ማስታወቂያ ክፍሉ ይፈልገዋል። “ይኼኛው ካልተነበበ ዓምዱን ላድንልዎት አልችልም፣ ጋሽ መኮንን” አለ።

ይነበባል። ሴሬስ በምትባል ድንክ ፕላኔት ላይ፣ ሳይንቲስቶች እንደሚሉት፣ በቀለጠ ድንጋይ ፈንታ ጨዋማ የበረዶ ጭቃ እየተገፋ ወጥቶ፣ እዚያው ረግቶ ተራራ ሆነ። ይህን ማን ያልፈዋል?

ማክሰኞ

እዚህ መካነ ሰላም ከተማ መብራት የለም። ጎረቤቴ ዘይነባ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ጽሑፎቼን ከመላኬ በፊት ትሰማልኛለች፤ ይኼን ግን ቸኩዬ ላክሁት። ዛሬ አነበብኩላት። “የሴሬሱ ተራራ ከእኛው አምባ ፈሪት ጋር ይተካከላል፤ ሁለቱም አራት ሺህ ሜትር ያህል” የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

“ጋሼ፣ ሴሬስ ላይ ባሕር አለ እንዴ?”

“የለም።”

“የዚያኛው ከሥሩ ነዋ የተለካው! አምባ ፈሪትን ደግሞ ከባሕር ጠለል ለክተው አጠገቡ አቆሙት። ወላሂ፣ ተማሪዬ ቢሆኑ ግማሽ ነጥብ ነበር የምሰጥዎት።”

ልክ ናት። እኛ ደገኞች ባሕሩን ሳናይ ከባሕሩ እየተለካን ነው የምንኖረው። ከተማችን ራሷ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ናት። ከዚህ ተነስቶ ለሚወጣ፣ አምባ ፈሪት የሴሬሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ረቡዕ

ሳምሶን ጋ ደውዬ ስህተቱን ነገርኩት። ገጹ ተሠርቷል።

“ማን ሜትር ይዞ ሴሬስ ይሄዳል፣ ጋሽ መኮንን?” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። “ካወጣሁት ቦታውን ማስታወቂያ ይወስደዋል። አንዴ ከወሰደ አይመልስም።”

“አውጣው” አልኩ። “የታረመው ነገ ይደርስሃል።”

ዝም ብል ምናልባት አንድም አንባቢ አያውቅም። እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ሐሙስ

አዲሱ መግቢያ ከድሮው ይሻላል። አንባቢውን አምባ ፈሪት ሥር አቁሜ ሽቅብ አሳየሁት። ሌላ አምባ ፈሪት ደረብኩበት፤ አሁንም የሴሬሱ ጫፍ ላይ አይደርስም። ያን ሁሉ ከፍታ የሠራው የበረዶ ጭቃ ነው አልኩት።

ይኼኛውን ከመላኬ በፊት ለዘይነባ አነበብኩላት። “ርዕሱ ይደብራል እንጂ ጥሩ ነው” አለች። ርዕሱን አልነካሁም።

ቀትር ላይ ሳምሶን ደወለ። “ደርሶኛል፤ አንብቤዋለሁ። የማስታወቂያ ኃላፊው ግን ፊቴ ተቀምጧል።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ነገ ከሰዓት ገጹ ሲዘጋ እንወስናለን።”