የማንጎ ጅራት

ውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፉስ፣ ትምህርቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ዛሬም በረዶውን ማን ይጥረግ እያለ ይሟገተኛል። ስደውል ስለማታነሺ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ፊደሉ ከከበደሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ያስተማርኩሽ ለዚህ ቀን ነው።

በመጀመሪያ የምሥራች፤ እንሽላሊትሽ ማንጎ ድናለች። መታመሟን ደብቄሽ ነበር፣ አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስቧን የምታከማችበት ያ ወፍራም ጅራቷ ቀጥኖ ክር አከለ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ የከሳ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። እንደ አራስ ላደልባት ተነሣሁ። ገንፎ በቅቤ ለውሼ በጣቴ ከንፈሯ ላይ ቀባሁላት። ስትልሰው ደስ ብሎኝ ደጋገምኩላት። በማግሥቱ ሁሉንም አስመለሰችው። እኔም የመስታወት ሣጥኗ ላይ ተደፍቼ ብዪ እንጂ፣ ብዪ እንጂ ስላት፣ ድንጋይዋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች።

በመጨረሻ ሜፕልዉድ ከተማ ድረስ ይዣት ሄድኩ። የእንስሳ ሐኪሟ ሰገራዋን መርምራ የሆድ ትል የለባትም አለችኝ። ቀጥላ ከሣጥኗ ሥር ስላለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጠየቀችኝ። ቤቱ እንዳይቃጠል ብዬ ወደ ሥራ ስወጣ ከሶኬት እንደምነቅለው ነገርኳት። ለካ ሆዷ ሥር ሙቀት ከሌለ የበላችው አይፈጭላትም። ገንፎና ቅቤ ከእንግዲህ እንዳላስጠጋላት፣ የምትበላውን ፌንጣ አስቀድሜ ካሮትና ጎመን አብልቼ፣ የካልሲየም ዱቄት ነስንሼበት እንድሰጣት፣ ለእሷ ከሱቅ የምንገዛውን ያንን የሰባ ነጭ ትል ግን አልፎ አልፎ ብቻ እንዲሆን አዘዘችኝ። ስትበላም አጠገቧ እንዳልቆም። የሚያፈጡባት እንስሳ አትበላም አለችኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ማሞቂያው አይነቀልም፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ገዝቼለታለሁ። ፌንጣውን አስገብቼ ዞር እላለሁ። እሑድ እሑድ በኩሽና ሚዛን እመዝናታለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ግራም የነበረችው በሦስት ወር ሃምሳ አንድ ገባች። አልቸኮልኩም። እኔ፣ እናትሽ!

ልጄ፣ ባለፈው ዒድ እንግዳ ፊት ሳህንሽ ላይ ሁለቴ እንደጨመርኩብሽ፣ አጥንትሽ ወጣ እንዳልኩሽ፣ ተነሥተሽ እንደወጣሽ አልረሳሁም። አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ። ለመጪው ዒድ ነይ። ክፍልሽ ሞቋል። ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ይሆናል፣ እኔ ኩሽና እሆናለሁ። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ በቤቱ የቀረው የማንጎ ብቻ ነው።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ሰውነትሽን ያበርታልሽ፣ ደጃችንን ለመርገጥ ያብቃሽ።

ዞር ማለት የተማረችው እናትሽ